በምርመራ ትክክለኛነት ግራፍ ላይ ያሉት ሁለት ቀለበቶች

የአንድን ምርመራ ትክክለኛነት የፈተሹ ጥናቶችን በሜታ አናሊሲስ አዋሕዶ፣ ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ «ሜታንዲ» በተባለው ትእዛዝ ግራፍ የሚያወጣ ሰው በአንዲት ነጥብ ዙሪያ ጠባብና ሰፊ የሆኑ ሁለት ቀለበቶችን ያገኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚያምታቱትም እነዚሁ ናቸው። ነጥቧ የምርመራውን አማካይ ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ሕሙማንን የመለየት አቅሙን፣ እንዲሁም አማካይ ስፔሲፊሲቲውን፣ ማለትም በሽታው የሌለባቸውን ነጻ የማለት አቅሙን በአንድነት ታሳያለች።

ጠባቡ ቀለበት የ95% የመተማመኛ ቀጠና ሲሆን፣ የሚናገረው ስለ አማካዩ ብቻ ነው፤ ጥናቶች በበዙ ቁጥርም እየጠበበ ይሄዳል። ሰፊው የትንበያ ቀጠና ግን ጥናቶቹ እርስ በርሳቸው ያላቸውን ልዩነት ስለሚጨምር፣ ወደፊት በሌላ ቦታ የሚደረግ ተመሳሳይ ጥናት እውነተኛ ውጤት የት ሊያርፍ እንደሚችል ያመለክታል። ልዩነቱ እውነተኛ ከሆነ መቶ ጥናት ቢጨመርም ይህ ቀለበት ወደ ነጥብነት አይጠብም። ምርመራው በራሱ ክሊኒክ ምን እንደሚያስገኝ ማወቅ የሚፈልግ ሐኪም፣ በእኔ እምነት፣ አስቀድሞ ማየት ያለበት ሰፊውን ነው፤ የሚያሳዝነው ግን አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ «ማዳ» የተባለው ጥቅል ካላዘዙት በስተቀር ይህን ቀለበት አይስለውም።

አግድም መስመሩም ያሳስታል። ሜታንዲ ስፔሲፊሲቲን ከ1 ወደ 0 እየቀነሰ ሲያስቀምጥ፣ ማዳ ደግሞ የሐሰት ፖዘቲቭ ምጣኔን፣ ማለትም በሽታው ከሌለባቸው መካከል በስሕተት አለባቸው የተባሉትን ድርሻ፣ ከ0 ጀምሮ ያስቀምጣል። ሥዕሉ ያው ነው፤ በሁለቱም ጥሩ ምርመራ ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ይጠጋል።