የትምህርት ቤት ፕሮግራሞችና የሕፃናት ራስን የመምራት ችሎታ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ አንጻር

ራስን የመምራት የአእምሮ ችሎታ የሚባለው አንድ ልጅ የተነገረውን በልቡ ይዞ እንዲሠራበት፣ የመጣለትን ሁሉ ከማድረግ እንዲቆጠብ፣ የሥራው ሥርዓት ሲለወጥም አብሮ እንዲለወጥ የሚያስችለው የሦስት ችሎታዎች ጥምረት ነው፤ የዘርፉ ሰዎች የሥራ ትውስታ፣ ግፊትን መግታትና የአሳብ ተለዋዋጭነት ይሏቸዋል። በዋናነት የሚመሩት በግንባር በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ይህ ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው። ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ግን እነዚህ ችሎታዎች በፍጥነት ስለሚያድጉ፣ በደሴና በኮምቦልቻ አፀደ ሕፃናትና ኦ ክፍል የሚገቡ ልጆች ቀኑን ምን እየሠሩ እንደሚያሳልፉ በእጅጉ ያሳስባል።

ትምህርት ቤት መግባት ራሱ ለውጥ ያመጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ የጀርመን ጥናት፣ አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች በተመሳሳይ ዕድሜ መዋዕለ ሕፃናት ከቆዩት ይልቅ ትኩረትን በሚጠይቅ ፈተና የተሻለ መሻሻል አሳይተዋል። የፕሮግራሙ ዓይነት ደግሞ የራሱ ድርሻ አለው። የሕፃናት አእምሮ ዕድገት ተመራማሪዋ አዴል ዳይመንድና ባልደረቦቿ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 147 የአሜሪካ ሕፃናትን ሲፈትኑ፣ በሶቪየት ኅብረቱ የሥነ ልቦና ሊቅ በቪጎትስኪ አስተሳሰብ ላይ በተመሠረተ ፕሮግራም የተማሩት ብልጫ አግኝተዋል። በዚህ ፕሮግራም ሁለት ልጆች ጥንድ ሆነው መጽሐፍ ይይዛሉ፤ አንዱ የከንፈር፣ ሌላው የጆሮ ሥዕል ይሰጠዋል። ጆሮ የያዘው መናገር ሲያምረው ሥዕሉን አይቶ ይታገሣል፣ ከዚያም ይለዋወጣሉ። ይሁንና ይኸው ፕሮግራም በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና በስፋት ሲሞከር የሚጠበቀው ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ውጤቱን የፕሮግራሙ ስም ብቻውን አያመጣውም፤ ልጁ በየቀኑ ከአቅሙ ትንሽ ከፍ እያለ የሚሄድ ልምምድ ማግኘት አለበት።

በወሎ ይህን የሚያሠለጥን ነገር ከውጭ መፈለግ ግድ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጥር ልጅ ‹‹ሀ ሁ ሂ››ን በዜማ ሲወጣው የሚሠራው ትውስታው ነው፤ በቁርኣን ቤት ከሉህ ላይ የሚቀራውም እንደዚሁ። መምህሩ በስንደዶ ከመካከል አንዱን ፊደል ነክቶ ‹‹ይህስ ማነው?›› ሲለው ግን ልጁ በአፉ የለመደውን ተራ ገትቶ በዓይኑ ያየውን መጥራት ይኖርበታል። በእኔ ግምት በዜማው ላይ ብቻ የሚያበቃ ክፍል የችሎታውን ግማሽ ያስቀራል።

ጨዋታም እንዲሁ ነው። ኩኩሉ ሲጫወቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ልጅ ‹‹ኩኩሉ›› ይላል፤ የሚደበቁት ‹‹አልነጋም›› እያሉ ይመልሱለታል። ‹‹ነጋ›› እስኪባል ዓይኑን እንደ ጨፈነ መቆየት ለአምስት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም፤ የተደበቀውም ሳቁን አፍኖ መቀመጥ አለበት። በእንቆቅልሽ ደግሞ መልሱ የጠፋበት ልጅ ‹‹አገር ስጠኝ›› እስኪባል ድረስ ያልተሳካለትን ሐሳብ ጥሎ ሌላ ይሞክራል። በመሆኑም ኦ ክፍልን የአንደኛ ክፍል መለማመጃ ብቻ አድርጎ ጨዋታውን ወደ ዕረፍት ሰዓት መግፋት ስሕተት ነው። ብዙ ልጅ በአንድ ክፍል ሲታጨቅ መምህሩ ሁሉን በአንድነት ማስጮህ እንደሚቀለው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን በጥንድ ማሠራት የሚጠይቀው ለከንፈሩና ለጆሮው ሥዕል የሚሆን ካርቶንና ከሰል ብቻ ነው።

ጭንቀት ሲረዝም እነዚህን ችሎታዎች ያዳክማል። የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ባሉት ሳምንታት ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ተሰዷል፤ ትምህርትም ተቋርጧል። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍል የተመለሰ ልጅ መቀመጥ ቢያቅተው፣ ለጥቂት ድምፅም ቢደነግጥ፣ ስንፍና ወይም ባለጌነት ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም። ዳይመንድና ሊ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዳሰሳ እንደታየው፣ ከእንዲህ ያለ ልምምድ አብዝቶ የሚጠቀመው መነሻው ዝቅ ያለ ልጅ ነው።