ውሻ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች

በጣና ዳርና በጎጃም ደጋ ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ በአራት ማዕዘኑ መቅደስ ግድግዳ ላይ ውሻ ተደጋግሞ ይሣላል። ሕያው ውሻ ከቅጥሩ እንዳይገባ በዱላ ይባረራል፤ የሠዓሊው ውሻ ግን ከእመቤታችን እግር ሥር፣ ከቅዱስ መርቆሬዎስ ፈረስ ጎን፣ ከድኻው አልዓዛር ቁስል አጠገብ ቦታ አለው።

ከሁሉ የሚወደደው የተጠማው ውሻ ሥዕል ነው። ምንጩ ተአምረ ማርያም ነው። መጽሐፉ በዐፄ ዳዊት ዘመን (1382–1413 እ.ኤ.አ.) ወደ ግእዝ እንደ ተመለሰ በሰፊው ይታመናል፤ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አድርገዋል። እመቤታችን በውሃ ጥም የሚያለከልክ ውሻ አይታ ራርታ በጫማዋ ውሃ ቀድታ ታጠጣዋለች። ሠዓሊው እርሷን ጎንበስ አድርጎ፣ ውሻውን አንገቱን ቀና አድርጎ ይሠራዋል፤ ምላሱ ቀይ ነው። ውሻው ከጎን ስለሚታይ ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። በሥዕሉ ሕግ ሰው ከጎን በአንድ ዓይን ሲሣል የክፉዎች ምልክት ነው፤ ሕጉ ግን እንስሳን አይመለከትም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስም ከጎን ነው የሚሣለው። ስለዚህ ይህን ውሻ ከክፉዎች ጋር የሚቆጥር ማብራሪያ መታረም አለበት።

ሁለተኛው ዓይነት ገጸ ከልብ ነው፤ አካሉ የሰው፣ ራሱ የውሻ። ጥቁር ፈረስ ከሚጋልበው ከቅዱስ መርቆሬዎስ ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሆነው ይቆማሉ። በገድሉ መሠረት የቅዱሱን አያት በጫካ በልተው አባቱን ሊበሉ ሲሉ በመልአክ ተገትተው የተገሩ ናቸው። ቅዱሱ ኅዳር 25 ይከበራል። ፈረሰኞች ቅዱሳን በአብዛኛው በሰሜኑ ግድግዳ ስለሚሣሉ ገጸ ከልብንም መፈለግ ያለበት እዚያው ነው። የአልዓዛር ውሾች (ሉቃስ 16፥21) ከእነዚህ ያነሰ ስፍራ ይይዛሉ።

የዚህ ጥበብ ታላቁ ማዕከል በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የዜጌ ልሳነ ምድር ነው። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ ዛሬ የሚታዩት ሥዕሎች ግን ከ18ኛው እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው። የዜጌን ገዳማዊ ሕይወት እንደ መሠረቱ በሚነገርላቸው በአቡነ በትረ ማርያም ሥርዐት በዜጌ ማረስና ከብት ማርባት አልተፈቀደም፤ ደኑና ቡናው የተረፉት በዚህ ነው። ምእመኑ በደጁ የማያያቸውን ፈረሶች በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በሙሉ ክብራቸው ያገኛቸዋል።

ሥዕሉ በቀጥታ በጭቃው ላይ አይሣልም። ጭድ የተቦካበት ምርጊት ከደረቀ በኋላ የጥጥ ጨርቅ ይለጠፍበታል። ማጣበቂያው ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ነው። ለመቀቢያ ሲሆን አንድ እጅ ደረቅ ሙጫ በአሥር እጅ ውሃ ይበቃል። ሲሞቅ መፍላት የለበትም፤ ከፈላ የማጣበቅ ኃይሉ ይደክማል። ከወፈረ ሲደርቅ ይሸበሸብና ቀለሙን ይሰነጥቃል፤ ከቀጠነ ደግሞ ቀለሙ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ጨርቁ ላይ ጀሶ በሙጫ ተለውሶ በስሱ ይቀባል፤ ከዚያ በከሰል ንድፍ ይወጣል፣ ቀለሙ ይሞላል፣ በመጨረሻ ጥቁሩ መስመር ይሰመራል። የውሻው ጥርስና ጢም የሚወጡት በዚህ የመጨረሻ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ መስመሩ ሲጠፋ ውሻውን ከጅብ ወይም ከአንበሳ መለየት ያስቸግራል።

ውሻው ከሌላው ቀድሞ የሚጎዳው በቦታው ምክንያት ነው። ከእግር ሥር ስለሚሣል፣ ትዕይንቱ በታችኛው ረድፍ ላይ ሲውል ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ጨርቁን በመጀመሪያ የሚያነሣው እዚያ ነው። የሰው ትከሻና እጅ የሚደርሰውም፣ ምስጥ የሚጀምረውም ከታች ነው። ከላይ የጣሪያ ፍሳሽና የሌሊት ወፍ ኩስ፣ በሁሉም ላይ የጧፍና የዕጣን ጥላሸት ይጨመራል።

እድሳት ከሥዕሉ አይጀምርም። መጀመሪያ ጣሪያው ይጠገናል፤ ቀጥሎ የዝናብ ውሃ ከግድግዳው እንዲርቅ በውጭ በኩል ቦይ ይቆፈራል፤ ሥዕሉ የሚነካው ግድግዳው አንድ በጋ ደርቆ ከከረመ በኋላ ነው። አቧራው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል። እርጥብ ጨርቅ ፈጽሞ አይነካውም፤ ሙጫው በውሃ ይሟሟልና ቀለሙ አብሮ ይነሣል። የዘይት ቀለም ደርቦ መቀባት የከፋው ጥፋት ነው፦ እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል፣ በጥቂት ዓመት ከነበረው ሥዕል ጋር ተልጦ ይወድቃል። የተነሣው የጨርቅ ጠርዝ ካለ በቀጭን የቆዳ ሙጫ ከጀርባው ተቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ቀስ ብሎ ይጫናል። በድሮ ሥዕሎች ከሚገኙት ቢጫ ቀለሞች አንዱ አርሰኒክ ያለበት ማዕድን ስለሆነ፣ ቢጫው የሚረግፍበት ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ የወደቀውንም ፍርፋሪ በባዶ እጁ አይንካ።