ያኮረፈ ተጫዋች ምሳው አይከደንለትም

ሜሪላንድ ውስጥ የታክስና የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ፉትቦልም እወዳለሁ፤ የአሜሪካኑን፣ በእጅ የሚያዘውን ማለቴ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የክለቦቹ የልምምድ ካምፕ ሲከፈት አንድ ትልቅ ተጫዋች ይጠፋል። «ደሞዜን ጨምሩ፣ አለዚያ ትሬድ አድርጉኝ» (ለሌላ ክለብ ስጡኝ ማለት ነው) ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ያኔ የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ፣ ቢሮዬ የሚመጡ ደንበኞች ሳይቀሩ፣ አንድ ዓይነት ነገር ያወሩኛል፦ «ምንም አይሆንም፣ ሚሊየነር ነው፣ ሲታረቁ ሁሉም ይመለስለታል።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ሒሳቡ እንደዚያ አይደለም።

የአኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል። ቤት ውስጥ ያኮረፈ ሰው ምሳው ተከድኖ ይቆየዋል፣ ማታ ይበላዋል። ኤንኤፍኤል ውስጥ፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ የሚከድንለት የለም።

«ቅጣቱ ለወሬ ነው፣ በኋላ ይሰርዙለታል»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ድሮ እውነት ነበር። ተጫዋቹ ለቀረባቸው ቀናት ይቀጣል፣ አዲስ ውል ሲፈረም ክለቡ ቅጣቱን ይተውለታል፣ ያልቃል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ሊጉና የተጫዋቾቹ ማህበር የተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ግን ይህን በር ዘጋው። አሁን የሩኪ ውሉን፣ ማለትም ሊጉ ሲገባ የፈረመውን የመጀመሪያ ውል፣ ጨርሶ ሌላ ውል ላይ ያለ ተጫዋች፣ ካምፕ በቀረበት በእያንዳንዱ ቀን 50 ሺህ ዶላር ይቀጣል። ክለቡ ልማረው ቢል እንኳ አይችልም። ሩኪ ውል ላይ ያለው 40 ሺህ ነው፣ ለእሱ ምሕረት ማድረግ ይቻላል። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ወጣት ተጫዋች ምሕረት ተደረገለት ሲባል ይሰሙና ለሁሉም የሚደረግ ይመስላቸዋል።

ቅጣቱ ደግሞ ትንሹ ነው። ትልቁ ጨዋታ ሲጀመር ነው የሚመጣው።

ሀሰን ሬዲክን እንይ። በ2022 ለፊላደልፊያ ሲጫወት ኳርተርባኮችን (ኳሱን የሚወረውሩትን) 16 ጊዜ ጣለ፣ በ2023 ደግሞ 11 ጊዜ። ደሞዙ እንዲሻሻል ፈለገ። በ2024 ጸደይ ፊላደልፊያ ለኒውዮርክ ጄትስ ትሬድ አደረገው። በውሉ ላይ አንድ ዓመት ቀርቶታል፣ የዓመቱ ደሞዝ 14.25 ሚሊዮን ዶላር ነው። አዲስ ውል ሳይሰጡኝ አልመጣም አለ። ነሐሴ ላይ ጭራሽ እንደገና ትሬድ አድርጉኝ ብሎ ጠየቀ። ጄትስም እምቢ አሉ።

የውድድር ዘመኑ ደሞዝ ለ18 ሳምንት ይካፈላል። 14.25 ሚሊዮንን ለ18 ስታካፍሉት በሳምንት ወደ 792 ሺህ ዶላር ይመጣል። ሬዲክ ከሰባት ጨዋታ ቀረ። ይህ ብቻ ከ5.5 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ያልሠራኸው ሥራ ደሞዝ ነው። የካምፑ የቀን ቅጣት በላዩ ላይ ይደመራል። በመጨረሻ ኤጀንት ቀይሮ፣ ውሉ ትንሽ ተስተካክሎለት፣ ጥቅምት ላይ መጣ። አሥር ጨዋታ ተጫውቶ አንድ ጊዜ ብቻ ኳርተርባክ ጣለ። ካምፕ ያልሠራ አካል በአንድ ሳምንት አይመለስማ። በቀጣዩ ዓመት ከታምፓ ቤይ ጋር ያገኘው ውል የአንድ ዓመት፣ ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። እንግዲህ እዩት፣ መጀመሪያ እምቢ ያለውን ያህል ነው። መሀል ላይ የጠፋው ግን ጠፍቶ ቀረ።

የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው «አክስቴ፣ እሱ መጥፎ ኤጀንት ስለነበረው ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ጥሩ ኤጀንትም ቢሆን 18 ሳምንቱን 20 አያደርገውም።

«ትሬድ ከተደረገ ደሞዙ ይጨምራል»

ይሄ ከአውሮፓ እግር ኳስ የመጣ ነው። አሌክሳንደር ኢሳክ በ2025 ክረምት ከኒውካስል ጋር አልለማመድም ብሎ ቆይቶ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ሊቨርፑል ሲሄድ፣ የኤርትራ ልጅም ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ተከታተለው። እዚያ ክለብ ሲቀየር ከአዲሱ ክለብ ጋር አዲስ ውል ይፈረማል። ኤንኤፍኤል ውስጥ ግን ትሬድ የሚደረገው ተጫዋቹ ከነውሉ ነው። ፊላደልፊያ ላይ 14.25 የነበረው ኒውዮርክም 14.25 ነው። አዲስ ደሞዝ የሚገኘው ተቀባዩ ክለብ ፈቅዶ አዲስ ውል ሲጽፍ ብቻ ነው።

ማይካ ፓርሰንስ ይህን አግኝቷል። በ2025 ነሐሴ ከዳላስ ወደ ግሪን ቤይ ሲሄድ በዚያው የአራት ዓመት 188 ሚሊዮን ዶላር ውል ጨረሰ። ግን ልብ በሉ፣ ፓርሰንስ ካምፕ አልቀረም። በቦታው ተገኝቶ ነው ሳይለማመድ የቆየው። ስለዚህ የቀን ቅጣት አልቆጠረበትም። ዛሬ አዋቂ ተጫዋቾች የሚመርጡት ይህንን ነው፦ ግባ፣ መገኘትህን ፈርም፣ ስብሰባ ተቀመጥ፣ ሜዳ አትውረድ።

«ሌቪዮን ቤል አንድ ብር አልተቀጣም»

ትክክል ነው፣ አልተቀጣም። በ2018 ፒትስበርግ ያቀረቡለትን የፍራንቻይዝ ታግ፣ ማለትም ክለቡ ውሉ ያለቀበትን ተጫዋች የሚያስቀርበትን የአንድ ዓመት ውል፣ ስላልፈረመ ውል አልነበረውም። ውል የሌለውን ሰው መቅጣት አይቻልም። ግን ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ሲቀመጥ ከ14.5 ሚሊዮን ዶላር አንድ ሳንቲም አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት ጄትስ የአራት ዓመት 52.5 ሚሊዮን ሰጡት፣ ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅም አሰናበቱት። ቤል ራኒንግ ባክ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች ነው፤ የራኒንግ ባክ የጨዋታ ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው። የጠፋ ዓመት በኋላ አይተካም።

«መጨረሻ ላይ ብቅ ካለ የቀረውን ደሞዝ ያገኛል»

ሁልጊዜ አይደለም። ዋሽንግተኖች የምታስታውሱት ትሬንት ዊሊያምስ በ2019 ክለቡ የጤናዬን ነገር አቅልሎታል ብሎ ቀረ። ራሱ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር ነበር። በዚህ እኔ አልፈርድበትም፣ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሲመለስ ግን ክለቡ ከፉትቦል ውጭ በመጣ ጉዳት ዝርዝር ውስጥ አስገባው፣ የቀረው የዓመቱ ደሞዝም አልተከፈለውም። በ2020 ወደ ሳንፍራንሲስኮ ሄዶ በ2021 የስድስት ዓመት 138 ሚሊዮን ውል ፈረመ። ሰው ይህን መጨረሻውን ብቻ ነው የሚያወራው።

«የፊርማ ገንዘብ አንዴ ከገባ የራሱ ነው»

አይደለም። ተጫዋቹ ከሥራው ከቀረ ክለቡ ከዚያ ገንዘብ የተወሰነውን የመጠየቅ መብት አለው፣ በቀረ ቁጥርም የሚጠየቀው ይጨምራል።

ይሄ ለፉትቦል ብቻ የሚመስለው ሰው ቢሮዬ ይምጣ። አንዲት ነርስ ደንበኛዬ ሥራ ስትጀምር የፊርማ ቦነስ ተቀበለች። ሁለት ዓመት እሠራለሁ ብላ ፈርማለች። ከአለቃዋ ጋር ተጣልታ በስምንተኛ ወሯ ወጣች። ብሩ በመኪና ቅድመ ክፍያ አልቋል። ከዚያ መልሺ የሚል ደብዳቤ መጣ። እኔ ጋ ይዛው ስትመጣ «ሰጥተውኝ የለ እንዴ?» ነው ያለችኝ። ሰጥተዋታል፣ በሁኔታ ነው የሰጡት። ሁኔታው ደግሞ እሷ የፈረመችበት ሦስተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል። እባካችሁ፣ ልጆቻችሁ ፉትቦል ተጫወቱም ሆስፒታል ሥራ ያዙ፣ ቦነስ ያለበት ውል ሲፈርሙ «ብሄድ ምን እመልሳለሁ?» የሚለውን ገጽ ፈልጋችሁ አንብቡላቸው። ገንዘቡንም ጊዜው እስኪሞላ ድረስ እንደ ብድር ቁጠሩት። ይህን ለስንት ሰው እንደተናገርኩ አላውቅም።

ትንንሾቹን ቶሎ ልበላቸው። የጸደይ ልምምድ የቀረ ይቀጣል ይባላል፤ የበጎ ፈቃድ ነው፣ አይቀጣም። የሚቀጣው በግዴታው የሦስት ቀን ሚኒ ካምፕ ነው፣ ሦስቱም ቀን ከቀረ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ። ኤጀንቱ ቅጣቱን ይከፍልለታል ይባላል፤ ኤጀንት የሚያገኘው ቢበዛ ከውሉ 3 በመቶ ነው፣ ደንበኛው ደሞዝ ካላገኘ እሱም አያገኝም።

እዚህ አካባቢ ግን ክርክሩ ሁሉ የዋሽንግተኑ ተጫዋች ቴሪ መክሎረን ላይ ነው የሚያበቃው። «ቴሪ ቀርቶ አይደል ያሸነፈው?» ይሉኛል። በ2025 ቴሪ የካምፑን የመጀመሪያ አራት ቀን ነው የቀረው። ከዚያ ገባ፣ በቁርጭምጭሚቱ ምክንያት ከማይለማመዱት ጋር ተመዘገበ፣ ትሬድ አድርጉኝ ብሎ የጠየቀውም እዚያው ሆኖ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። ብዙውን ሥራ የሠራው ካምፕ ውስጥ ሆኖ ነው ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ አራትን በ50 ሺህ አባዛ። «ሁለት መቶ ሺህ? ከተፈራረሙም በኋላ?» አለኝ። አዎ፣ የሩኪ ውሉን ከጨረሰ ቆይቷል፣ ክለቡ ሊምረው አይችልም።