ኢባኖችና የከተማ ኑሯቸው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማሌዥያ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ኳላ ላምፑር ነው። ከባሕሩ ማዶ፣ ቦርንዮ ደሴት ላይ ግን በስፋቱ ከአገሪቱ አንደኛ የሆነው ሳራዋክ የሚባል ግዛት አለ። እዚያ በቁጥር የሚበልጠው ሕዝብ ኢባን ነው። ኢንተርኔት ላይ ስለ ኢባን ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ የራስ ቅልና ላባ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ኢባኖች በኩቺንግ፣ በሲቡ፣ በቢንቱሉና በሚሪ የሚኖሩ፣ የቤት ዕዳ የሚከፍሉና ትራፊክ የሚያማርራቸው ከተሜዎች ናቸው። ስለነሱ ደጋግመው ከሚነገሩት ጥቂቶቹን እንያቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ኢባን ማለት ራስ ቆራጭ ነው»

ድሮ ልማዱ ነበር፤ መካድ አያስፈልግም። አንዳንድ ቤቶች ውስጥ ያረጁ ቅሎች እስካሁን ተንጠልጥለው ይታያሉ። ከ1841 ጀምሮ ሳራዋክን የገዙት እንግሊዛውያኑ የብሩክ ቤተሰብ ሰዎች ልማዱን አጥፍተናል ብለው ይኮሩ ነበር። እነሱው ግን የኢባን ተዋጊዎችን ለራሳቸው ዘመቻ ያሰልፉ ነበር። ይሄኛውን ለቱሪስት የሚነግረው የለም። የዛሬው ኢባን በአብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ታገኙታላችሁ።

«በረጅም ቤት ያደገ ሰው የግል ነገር አያውቅም»

ይሄኛውን ሰው ለማመስገን ብሎ ስለሚናገረው ለማረም ይከብዳል። ረጅሙ ቤት፣ ብዙ ቤተሰብ ጎን ለጎን የሚኖርበት የኢባን ቤት፣ ከውጭ ሲያዩት አንድ ጣሪያ ነው። ውስጡ ግን በረድፍ የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ቢሌክ የሚባል የራሱ መኖሪያ አለው። በሩ የራሱ፣ ምድጃው የራሱ፣ የሩዝ ማሳውም የራሱ። ጎረቤት ጥሩ ምርት ስላገኘ የእናንተ ጎተራ አይሞላም።

የሚጋሩት ሩአይን ነው። በሮቹ ሁሉ የሚከፈቱበት፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ሰፊ በረንዳ ማለት ነው። እንግዳ የሚቀመጠው፣ ምንጣፍ የሚሠራው፣ ጸብ የሚበርደው፣ ልጆች የሚሯሯጡት እዚያ ነው። የሩአዩን ወለል እንኳ እያንዳንዱ ቤተሰብ በበሩ ፊት ያለውን ራሱ ያድሳል። የቤቱ አለቃ ቱአይ ሩማህ በአዳት፣ ማለትም በልማድ ሕግ ይዳኛል እንጂ የማንንም ማሳ አይወስድም። ሥራ ሲበዛ በዱሮክ ይወጣሉ። እሱ የኛው ወንፈል ነው፤ ዛሬ ለእኔ ከሠራህ ነገ ለአንተ እሠራለሁ፣ የቀረ ደግሞ ይታወቅበታል። አንድነታቸውን ያቆየው ይሄ በርን ዘግቶ ማደር የሚፈቅድ ኑሮ ይመስለኛል።

«ከተማ የገባ ኢባን ባህሉን ጥሏል»

ከቤት ርቆ መሄድ ራሱ ባህላቸው ነው። በጃላይ ይሉታል፤ ወጣቱ ወጥቶ፣ ሠርቶ፣ ዓለም አይቶ ይመለሳል። ድሮ ዕቃና ዝና ይዞ ይመጣ ነበር። ዛሬ ወደ ነዳጅ ማውጫዎች፣ ወደ ጆሆርና ሲንጋፖር መርከብ መሥሪያዎች ይሄዳል።

እርግጥ በከተማ ተያይዘው የተሠሩት ቤቶች ሩአይ የላቸውም፤ በረንዳውን የያዘው መኪና ነው። ክፍተቱ ጎልቶ የሚታየው በገዋይ ሰሞን ነው። ገዋይ ዳያክ ጁን 1 የሚውል የመኸር በዓል ሲሆን፣ በይፋ መከበር የጀመረው በ1965 ነው። ዋዜማው ላይ ወደ ገጠር የሚወስደው መንገድ በመኪና ይጨናነቃል። ከተማ የቀረው ደግሞ በሩን ይከፍታል፤ ማላዩም ቻይናውም ጎረቤት ይገባል። ለሚጠጣ ከሩዝ የሚጠመቀው ቱአክ አለ። ለሙስሊም እንግዳ ብዙ ቤት ምግቡን ለብቻ ያዘጋጃል፣ ወይም ከሙስሊም ባለሙያ ያዛል። ማንም እንደ ውለታ አይቆጥረውም።

ቋንቋው ላይ ግን ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ኢባንኛ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ቤት ውስጥ ማላይኛ ወይም እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር የከተማ ልጅ ግን አይጠፋም።

«ሳፔ የኢባን መሣሪያ ነው»

አይደለም። ያ ጀልባ የሚመስል ክራር መሰል መሣሪያ ኬንያህና ካያን የሚባሉት የሳራዋክ ሕዝቦች ነው። የኢባን ሴቶች ኩራት ፑአ ኩምቡ የሚባለው ሽመና ነው።

«ሳራዋክ ውስጥ የብሔር ጉዳይ የለም»

ይሄን የሚሉት ራሳቸው ሳራዋኮች ናቸው፤ ግማሽ እውነት አለው። ኮፒቲያም በሚባሉት ቡና ቤቶች ኢባን፣ ማላይና ቻይና አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ማየት ብርቅ አይደለም። ግን ኩቺንግ ከ1988 ጀምሮ በሁለት ማዘጋጃ ቤት የምትተዳደር ከተማ ናት። ከወንዙ ሰሜን ማላዮች፣ ከደቡብ ቻይናውያን ይበዛሉ። ኢባኑ በሁለቱም በኩል አለ፤ ቀበሌዬ ብሎ የሚቆጥረው ግን ሁሌ አያገኝም።

ተጋብቶ መዋለድም የቆየ ነው፤ ሕጉ ግን ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ሕገ መንግሥቱ የሳራዋክ ተወላጅ የሚለው ከተዘረዘሩት ነባር ሕዝቦች ብቻ የተወለደውን ነበር። አባቱ ቻይናዊ፣ እናቱ ኢባን የሆነ ልጅ ገዋይንም የቻይና አዲስ ዓመትንም እያከበረ ያድጋል። የእናቱን የነባር ሕዝብ መሬት ልውረስ ሲል ግን ወረቀቱ አይቀበለውም ነበር። ማሻሻያው ሥራ ላይ የዋለው በ2022 ነው። አሁን ከወላጆቹ አንዱ ተወላጅ ከሆነ ይበቃል።