የአየርላንድን ታሪክ «የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ጠብ» ለሚሉ

ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ አየርላንድ የሚነበብ ነገር ልጠቁም ስል ሁልጊዜ የሚገጥመኝ መልስ አንድ ነው፦ «እሱማ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ጦርነት ነው፤ ምኑ ይነበባል?» ከተማሪም ከባልደረባም ሰምቼዋለሁ። ሰልችቶኛል።

ትናንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልለፋቸው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

«ቅዱስ ፓትሪክ አየርላንዳዊ ነው።» አይደለም። በሮማውያን ዘመን ከነበረችው ብሪታንያ ተማርኮ በባርነት የተወሰደ ልጅ ነው። ስለ ሕይወቱ ራሱ በላቲን የጻፈው አለ፤ አጭር ስለሆነ እሱን ያንብቡ።

«አየርላንድ የእንግሊዝ ናት።» በዩናይትድ ኪንግደም ሥር የቀረው ሰሜኑ ብቻ ነው።

«ረሃቡን ያመጣው የድንች በሽታ ነው።» በሽታው ድንቹን አጠፋ። ነገር ግን ከ1845 እስከ 1852 አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያልቅ እህልና ከብት በመርከብ እየተጫነ ይወጣ ነበር። ባለርስቶችም ጭሰኛውን ከነቤተሰቡ ከቤት ያስወጡት ነበር። ይህን የሠራው በሽታው አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ።

ሃይማኖት የለበትም አላልኩም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መሬትና ሥልጣን ከካቶሊኮች እጅ ወጥቶ ለፕሮቴስታንቶች ተሰጥቷል። ጠቡ ግን ስለ መሬቱና ስለ ሥልጣኑ ነበር። ይህን ለማየት የሰዎቹን ሕይወት ማንበብን የመሰለ የለም።

ዎልፍ ቶንን እንውሰድ። የአየርላንድ ሪፐብሊካኖች፣ ማለትም ከእንግሊዝ ነፃ የሆነች ሪፐብሊክ የሚሹት፣ አባታችን የሚሉት እሱን ነው። ሰውዬው ፕሮቴስታንት ነበር! በ1791 ቤልፋስት ላይ «የተባበሩት አየርላንዳውያን» የተባለው የፖለቲካ ማኅበር ሲመሠረት አብረውት የነበሩት በብዛት ፕሬስቢቴሪያኖች (የፕሮቴስታንት አንዱ ክፍል) ናቸው። በ1798 ማኅበሩ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ያነሳው ዓመፅ ሲከሽፍ ከመሪዎቹ አንዱ፣ ፕሬስቢቴሪያኑ ሄንሪ ጆይ ማክራከን፣ እዚያው ቤልፋስት ተሰቀለ። ቶንም ሞት ተፈርዶበት እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ዓመፁን ለመጨፍለቅ ከተሰለፉት የሚሊሻ ወታደሮች አብዛኞቹ ደግሞ ካቶሊኮች ነበሩ። በሃይማኖት ብቻ አስረዱኝ እስቲ።

በ1880ዎቹ በለንደን ፓርላማ የአየርላንድ ብሔርተኞች መሪ የነበረው ፓርኔልም እንደዚሁ። የዊክሎው ባለርስት፣ ፕሮቴስታንት፤ የካቶሊክ ጭሰኞች ግን «ዘውድ ያልደፋ ንጉሣችን» ብለው ተከተሉት። በ1890 ከባለትዳር ሴት ጋር የነበረው ግንኙነት በፍርድ ቤት ሲወጣ «ካቶሊኮቹ ጣሉት» ይባላል። ቅደም ተከተሉን ግን ይመልከቱ። መጀመሪያ ጀርባውን የሰጠው አጋሩ የነበረው የእንግሊዝ ሊበራል ፓርቲ መሪ ግላድስተን ነው፤ ፕሮቴስታንት ደጋፊዎቹ ስለተቆጡበት። የካቶሊክ ጳጳሳት በይፋ ያወገዙት ከዚያ በኋላ ነው። በዓመቱ ሞቶ የተቀበረው ካቶሊኮቹ በሞሉበት በደብሊኑ ግላስነቨን መካነ መቃብር ነው። መቃብሩ ላይ ያለው አንድ ትልቅ ያልተጠረበ ድንጋይ፣ ድንጋዩም ላይ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ፓርኔል።

ይህ ሁሉ ካላሳመነ የ1922ቱ የእርስ በርስ ጦርነት አለ። ሁለቱም ለነፃነት አብረው የታገሉ መሪዎች ናቸው። ማይክል ኮሊንስ አየርላንድን በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ራሷን እንድታስተዳድር የሚያደርገውን ስምምነት ከእንግሊዝ ጋር ፈረመ፤ ኤመን ዴ ቫሌራ አልቀበልም አለ። ሁለቱም ካቶሊክ ናቸው። ስምምነቱን የተቀበለው የአየርላንድ መንግሥት ከተቃዋሚዎቹ ከሰባ በላይ እስረኞችን ረሸነ፤ ረሻኝና ተረሻኝ የሚጸልዩት አንድ ጸሎት ነበር። ጳጳሳቱም መንግሥትን የሚወጉትን ከቁርባን ከለከሉ። ፕሮቴስታንቱ የታለ ታዲያ?

«ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ ይበቃኛል» የሚለኝም አለ። አንድ ተማሪዬ በእንግሊዞች ፖሊስ ውስጥ ሆኖ ለኮሊንስ ይሰልል የነበረው መርማሪ ኔድ ብሮይ በእንግሊዞች ተገደለ ብሎ ጽፎልኛል። ከ1996ቱ የኮሊንስ ፊልም ያገኘው ነው። እውነተኛው ብሮይ በኋላ የነፃይቱ አየርላንድ የፖሊስ አዛዥ ሆኗል፤ የሞተውም በ1972 ነው።

እና ምን ይነበብ? ለቶን፣ ማሪያን ኤሊየት በ1989 ያሳተመችውን የሕይወት ታሪኩን። ኮሊንስንና ዴ ቫሌራን ግን ለየብቻ አያንብቡ። ቲም ፓት ኩጋን ሁለቱንም ጽፏል፤ ሲነበብ ይጥማል፣ ግን ለኮሊንስ ያደላል፣ ዴ ቫሌራን አይምረውም። ስለዚህ የኩጋንን ዴ ቫሌራ ሲጨርሱ ወዲያው ዲያርሚድ ፌሪተር በ2007 ያወጣውን ይጀምሩ። እሱ የዴ ቫሌራን ሰነዶች ፎቶ እያነሳ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቷቸዋል። መጀመሪያ ሰነዶቹን፣ ቀጥሎ የጸሐፊውን አስተያየት ያንብቡ።