የነዳጅ ማረፊያ ምንድን ነው?

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር ወይም ከመንዝ ተነስተው ልጆቻቸውን ለማየት ዋሽንግተን የሚሄዱ እናቶችና አባቶች አንድ ነገር ያሳስባቸዋል፦ «አውሮፕላን አትቀይሩም ተብለን የለም ወይ? ታዲያ መንገድ ላይ ለምን ያርፋል?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያለው በአገራችን ከፍታ ላይ ነው።

የነዳጅ ማረፊያ ማለት አውሮፕላኑ መድረሻው ሳይደርስ ነዳጅ ለመሙላት አርፎ፣ ያንኑ ተሳፋሪና ያንኑ ሻንጣ ይዞ የሚቀጥልበት ቆይታ ነው። በትራንዚት ግን ተሳፋሪው ወርዶ ሌላ አውሮፕላን ይሳፈራል።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፉን የሚያነሳው አየር ነው፤ ሞተሩም ኃይል የሚያገኘው ከአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ ተሳፋሪና ጭነት ጋር ይዞ ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል። ያለው ምርጫ ሰው መቀነስ ወይም ነዳጅ ቀንሶ መንገድ ላይ መሙላት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በተለያዩ ጊዜያት ደብሊንና ሎሜ ላይ ሲያርፍ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም በሰሜኑ የምድር ክፍል ከላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ስለሚመጣ፣ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። የዋሽንግተን ዱለስ አየር ማረፊያ ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አውሮፕላኑ እዚያ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳና በ13 ሰዓት ገደማ ያለማቋረጥ አዲስ አበባ ይገባል።

«ሰማይ ላይ አየሩ ያጥራቸው ይሆን?» የሚል ስጋትም አለ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን ያህል ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ያማክር እንጂ፣ ጤነኛውን የደጋ ሰው ይበልጥ የሚያስቸግረው የአየሩ ድርቀትና የረጅም ሰዓት መቀመጥ ነው። ብዙ መቀመጥ እግር ላይ ደም ሊያረጋ ስለሚችል ውኃ ይጠጡ፤ በየጊዜው ተነስተው ይራመዱ። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን። ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቆጥር፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ከመሄዳቸው በፊት ከሐኪም ጋር አስተካክሉ።

ትኬቱ ላይ 22፡30 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4፡30 ነው። ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ የሚመጡ ከሆነ አዲስ አበባ አንድ ቀን ቀድመው ይደሩ።

ማረፊያው ላይ መድረሻቸው እዚያ የሆነ ሌሎች ተሳፋሪዎች ሊወርዱ ስለሚችሉ፣ እናት ሰው ሲነሳ አይተው ተከትለው እንዳይወጡ ያስፈራል። ትኬት ስትቆርጡ የት እንደሚያርፍና ተሳፋሪው ወንበሩ ላይ እንደሚቆይ ወይም እንደሚወርድ ጠይቁ፤ መልሱን በአማርኛ ጽፋችሁ ከፓስፖርታቸው ጋር አስቀምጡላቸው።