«ሕፃን ነው፣ ይረሳዋል»፦ በአደራ ቤተሰብ ስለሚያድጉ ሕፃናት የምንሳሳታቸው ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሕፃን ቤቱ ውስጥ ከተበደለ ወይም ዞር ብሎ የሚያየው ካጣ፣ ፍርድ ቤት ለጊዜው ለሌላ ቤተሰብ በአደራ ሊሰጠው ይችላል። ፎስተር ኬር የሚሉት ነው። የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እንዲህ ያለ ልጅ በ30 ቀን ውስጥ ሙሉ ምርመራ እንዲደረግለት ይመክራል፤ የአእምሮ ጤናውም ጭምር። «ገና ዳዴ የሚል ልጅ?» ብሎ የሚገረም ብዙ ነው።

«ሕፃን ነው፣ ይረሳዋል»

የደረሰበትን መናገር አይችልም። ሰውነቱ ግን አይረሳም። ኮርቲሶል የሚባል የጭንቀት ሆርሞን አለ፤ ጠዋት ከፍ ብሎ ወደ ማታ ይወርዳል። በደል ባዩ ብዙ ሕፃናት ላይ ይህ ሥርዓት ይዛባል።

ከዚህ በላይ የሚያሳምነኝ በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት የተደረገው ጥናት ነው። የአገሪቱ አምባገነን መሪ ቻውሼስኩ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወድቅ የሩማንያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ከ100 ሺህ በላይ ልጆች ታጭቀውባቸው ነበር። አልጋ አላቸው፤ የኔ የሚሉት ሰው የላቸውም። ከአሥር ዓመት ግድም በኋላ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስ እና ቻርልስ ዚያና የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ6 ማሳደጊያዎች 136 ሕፃናትን ይዘው ጥናት ጀመሩ። ትንሹ የ6 ወር፣ ትልቁ የ31 ወር ልጅ ነበር። በዕጣ ግማሾቹ ወደ አደራ ቤተሰብ ሄዱ፣ ግማሾቹ ባሉበት ቀሩ። ዕጣ መሆኑ ይከብዳል። ግን ያኔ በከተማዋ የአደራ ቤተሰብ የለም በሚባል ደረጃ ነበር፤ ቤተሰቦቹን መልምለው ያዘጋጁት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው። የቀሩትም በኋላ ቤተሰብ ሲገኝላቸው ከመሄድ የከለከላቸው የለም።

ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ እድገትም በስሜትም በልጠው ታዩ። በተለይ 2 ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት።

«እንግዲህ 2 ዓመት ካለፈው አበቃለት»

አላበቃም። ቀድሞ መድረስ ይሻላል እንጂ ዘግይተው የገቡትም ተጠቅመዋል።

«ጸጥ ያለ ልጅ ደህና ልጅ ነው»

እኛ ጋ የማያስቸግር ልጅ «ጨዋ» ተብሎ ይመሰገናል። ወድቆ የማያለቅስ፣ እቅፍ የማይፈልግ ጨቅላ ግን፣ አልቅሶ የመጣለት ሰው ስላልነበረ ማልቀሱን ትቶት ሊሆን ይችላል። ያገኘውን ሁሉ የሚያቅፍ ልጅም ያታልላል። ቡካሬስት ላይ አንድ እንግዳ ሰው በር ላይ ቆሞ «ና፣ የማሳይህ ነገር አለ» ይላል። ማሳደጊያ የቀሩት ከሌሎቹ ይልቅ ዝም ብለው ይከተሉት ነበር። ይህ ሰው መውደድ አይደለም። የራሱን ሰው ከሌላው አለመለየት ነው።

«ፍቅር ካገኘ ይበቃዋል»

ይህኛው ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ፍቅር የግድ ነው። ችግሩ የተጎዳ ሕፃን ፍቅርን ይገፋል። አሳዳጊዋ ልታባብለው ስትጠጋ ፊቱን ያዞራል። እሷም «አልፈለገኝም» ብላ ትርቃለች። ማንም ሰው እንደዚያው ያደርጋል፤ ልጁ ግን ያኔ ነው ይበልጥ የሚፈልጋት።

በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ሜሪ ዶዚየር የቀረጹት ኤቢሲ የሚባል ሥልጠና የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። አሠልጣኟ 10 ጊዜ ቤት ድረስ ትመጣለች። ንግግር አታበዛም። ልጁ አልቅሶ አሳዳጊዋ ብድግ ስታደርገው፣ «አየሽ፣ አሁን አለቀሰ፣ አንቺም ደረስሽለት» ትላለች። እዚያው፣ በሰዓቱ። የሚማሩት ሦስት ነገር ነው፦ ቢገፋም ማባበል፣ በጨዋታ እሱን መከተል፣ አለማስፈራራት። (አያ ጅቦ መጣልህ የምንል ሰዎች ሦስተኛው ላይ ቆም ብንል አይከፋም።)

ሥልጠናው ቸልተኝነት ያሰጋቸዋል ተብለው ከገዛ ወላጆቻቸው ጋር በቆዩ ሕፃናት ላይም ተሞክሯል። ከወላጅ ጋር ያላቸው ትስስር የተዘበራረቀባቸው፣ ማለትም ሲደነግጡ ወደ ወላጃቸው ይሂዱ ይሽሹ የሚጠፋባቸው፣ ሥልጠናውን ባገኙት ዘንድ 32 በመቶ ሲሆኑ በሌላው ቡድን 57 በመቶ ነበሩ።

«ጨቅላን ምን ብለው ያናግሩታል?»

ብቻውን አያናግሩትም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አሊሺያ ሊበርማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዳበሩት ሕክምና እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ልጁና አሳዳጊው አብረው ይገባሉ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። ልጁ አሻንጉሊቱን ደጋግሞ ሲመታ ባለሙያዋ ለአሳዳጊው ምን እያለ እንደሆነ ትፈታለታለች።

«ብዙ እንዳትላመጂው፣ ነገ ይሄዳል»

በቅንነት የሚሰጥ ምክር ነው፤ ልጁን ግን ይጎዳዋል። የአንድ ሕፃን ስድስት ወር ለእሱ ግማሽ ዕድሜው ሊሆን ይችላል። ያን ሁሉ ጊዜ ማንም የኔ ሳይለው ከሚኖር፣ ወዶ ተላምዶ ቢለይ ይሻለዋል፤ አንዴ ሰው ማመን የተማረ ልጅ ለሚቀጥለው አሳዳጊም አይከብድም። መለያየቱ እንዳይጎዳው ከተፈለገ በአንድ ቀን አይደረግም። አዲሶቹ አሳዳጊዎች አስቀድመው እየመጡ ያዩታል፣ የሚተኛበት ብርድ ልብስ አብሮት ይሄዳል፣ የቀድሞዋ አሳዳጊም ከተቻለ ስልክ መደወሏንና ብቅ ማለቷን አታቆምም።